ውስኪ ለቀማሽ

አማርኛ መጠጥ ወደ አፍ የሚገባበትን መንገድ በአንድ ግሥ አይጨርሰውም። ቀመሰ፣ ፉት አለ፣ ተጎነጨ፣ ጠጣ፣ ጨለጠ፦ አምስቱ ከትንሽ ወደ ብዙ የተሰደሩ ናቸው። ፉት የከንፈር ድምፅ ነው። ተጎነጨ ከጉንጭ የወጣ ነው፤ ጉንጭ የሚይዘውን ያህል መውሰድ። ጨለጠ የብርጭቆውን ታች ማየት ነው፤ «ጭልጥ ያለ እንቅልፍ» የምንለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የመጀመሪያው ግን ልዩ ጠባይ አለው። «እህል ሳይቀምስ ዋለ» ከተባለ ጨርሶ አልበላም ማለት ነው። «ቀመስ ያደርጋል» ከተባለ ግን እህሉ ተረስቶ ነገሩ ወደ መጠጥ ዞሯል። ሰውየው ጠጪ አይደለም፤ ለሠርግ፣ ለዓውደ ዓመት፣ ለወዳጅ ደስታ ብሎ ይነካል። ቀማሽ ነው።

ቀማሽ ራሱ የሚያስደስት ቅርጽ ነው። ከቀመሰ የአድራጊ ስም ሲወጣ መድረሻው ኢ ነበረና ስን ወደ ሽ ለወጠው። ከጠጣ ጠጪ የወጣውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ጥ በኢ ፊት ጭ ሆነ። ይህን ሕግ ያዙልኝ፣ ወደ ጭስ ስንደርስ ያስፈልገናል። ለቀማሽ ጥሩ ውስኪ መምረጥ ለጠጪ ከመምረጥ ይከብዳል። ጠጪ የሚወደውን ያውቃል፣ ስሙን ጠርቶ ይነግራችኋል። ቀማሽ «እናንተ እንዳላችሁ» ይላል። ስለዚህ መራጩ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አለበት። እዚያ ላይ የሰፈሩት ቃላት እንግዳ ይመስላሉ፤ ሥራቸውን ስንቆፍር ግን ብዙዎቹ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር በዘር ወይም በሐሳብ የተዛመዱ ሆነው እናገኛቸዋለን። ዝምድናቸውን ያወቀ ሰው የሚመርጠውንም ያውቃል።

ለዚህ ፍለጋ አሶሳ ላይ መቆም ይጠቅማል። ከተማዋ ለሱዳን ድንበር ቅርብ ናት፤ በርታኛ፣ አረብኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። ከድንበሩ ማዶ የማሽላው መጠጥ መሪሳ ይባላል፣ ከአረብኛው መረሰ፣ ነክሮ በእጅ አሸ ከሚለው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሠፈራ ከደጋ የመጣው ሕዝብ ደግሞ ጠላና አረቄ የሚሉትን ስሞች ይዞ መጣ። አብዛኛው በርታ ሙስሊም ስለሆነ ጠርሙስ ይዞ ሰው ቤት ከመሄድ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፦ «ይጠጣል?» ጥያቄው ተሳቢ አይፈልግም። ግዕዝ ሰትየ ሲል፣ ትግርኛም ሰተየ ሲል፣ ውሃም ወተትም በሥሩ ይገባሉ፤ የአማርኛው ጠጣም እንዲሁ። ግሡ ብቻውን ሲቆም ግን አንድ ነገር ብቻ ይጠቁማል። መጠጥም የሚጠጣ ሁሉ ስም መሆን ሲገባው «መጠጥ ቤት» ሲባል ጠቧል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ውስኪ ማለት ውሃ ነው። የአየርላንድ ሰዎች በቋንቋቸው እሽከ ባሃ፣ የስኮትላንድ ደገኞች ኡሽከ ቤሃ ይሉት ነበር፤ ትርጉሙ «የሕይወት ውሃ» ነው። እንግሊዞች ይህን ስም በአፋቸው ሲያገላብጡት ሁለተኛው ቃል ወደቀ፣ የመጀመሪያውም ውስኪ ሆኖ ቀረ። ሕይወቱ ተቆርጦ ውሃው ብቻ ተረፈ ማለት ነው። ስላቮችም ቮዳ የሚሉትን ውሃ አሳንሰው፣ አቆላምጠው፣ ቮድካ አሉት። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ጥንታዊ የሕንድና የአውሮፓ ሥር የተቀዱ ናቸው፤ ስለዚህ ውስኪና ቮድካ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። የእኛ ውሃ በው ስለጀመረ ብቻ እዚህ ዘር ውስጥ አይገባም። የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይደለም፤ የሥርወ ቃል ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይህን ነው።

«የሕይወት ውሃ» የሚለውን ስም ያወጡት አየርላንዶች አይደሉም፤ ከላቲን ተረጎሙት። የመነኮሳቱ ላቲን አኳ ቪታይ ይል ነበር። በ1494 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የንጉሥ ጄምስ አራተኛ የግምጃ ቤት መዝገብ፣ አኳ ቪታይ እንዲያወጣበት ለአባ ጆን ኮር ስለተሰጠ ብቅል ተጽፎ ይገኛል። ይህን የላቲን ስም ወደ ግዕዝ ብንመልሰው ማየ ሕይወት ይሆናል፤ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ግን ማየ ሕይወት ለሌላ፣ ለከበረ ነገር የተጠበቀ ነው። ማይ ለብቻው ሲሆን ውሃ፣ ለሌላ ስም ሲዘረፍ ማየ። አማርኛ ቃሉን ቢተወውም ማይጨው በሚለው የቦታ ስም ላይ ዛሬም ሲጠራ ይሰማል።

አረብኛ ደግሞ በዚሁ ዓይነት መጠጥ ላይ ሌላ ነገር አየ፤ ላብ አየ። ዐረቅ ላብ ነው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ነገር ነክቶ ጠብታ ሲያወጣ፣ ዕቃው አላበው አሉ። ቱርክ ራኪ፣ ሞንጎሊያ አርኺ፣ ኢንዶኔዥያ አራክ፣ እኛ አረቄ። ሱዳኖች ቃፍን ወደ ግ ስለሚመልሱ ዓረጊ ይላሉ፤ የአማርኛው ቄ ግን የጥንቱን ቃፍ እንደያዘ ነው። አሶሳ ገበያ ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም አፍ ይሰማል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ግዕዝም ዕራቅ የሚል ቃል አለው፣ ራቁት የሚለው አማርኛ የመጣበት። ፊደላቱ ቢገጥሙም ከላቡ ጋር አይገናኝም። የግዕዝ ላብ ሐፍ ነው።

ባለሙያዋ አረቄ «አወጣች» እንጂ «ሠራች» አይባልም። ጥንስሱን በጋን አፍልታ፣ እንፋሎቱን በሸምበቆ አሳልፋ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በተነከረ ዕቃ ታጠራቅማለች፤ ሥራው ሁሉ ማውጣት ይባላል። በቤንሻንጉል አፈር ይህ ግሥ የታወቀ ሌላ ተሳቢ አለው፦ ወርቅ። በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የግብፁ የመሐመድ ዓሊ ጦር በሱዳን በኩል ወደዚህ አካባቢ ያንጋጠጠው ለዚሁ ወርቅ ነበር። አወጣ የግዕዙ አውፅአ ነው፣ ከወፅአ፤ ፅ ወደ ጥ ዞሮ፣ አ ተውጦ ወጣ ሆነ። የኦሪቱ ሁለተኛ መጽሐፍ ዘፀአት የተባለውም ከዚሁ ግሥ ነው። ሕዝብ ከግብፅ፣ ወርቅ ከአፈር፣ አረቄ ከጥንስስ፤ ግሡ ሁሉንም ያወጣል።

የወጣው ይነጠራል። ነጠረ ከወርቅና ከቅቤ ጋር የኖረ ቃል ነው፤ አንጥረኛና ንጥር ቅቤ ከዚህ ናቸው፤ ዘመናዊው ሳይንስም ንጥረ ነገር የሚለውን ስያሜ የወሰደው ከዚሁ ነው። እዚህ ላይ አልኮል የሚለው ቃል ይገባል፣ ታሪኩም ከሁሉ ይገርማል። አል ኩሕል አረብኛ ነው፤ ሴቶች ዓይናቸውን የሚኳሉበት ኩል። ግዕዝ ኵሕል ይለዋል፤ አማርኛ ሐን አውጥቶ ኩል አለ፣ ተኳለችም ከዚያ ወጣ። አውሮፓውያን ቃሉን ከነ«አል» ወስደው መጀመሪያ ለላመ ዱቄት፣ ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ለጠራ ማንኛውም ነገር አደረጉት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ፓራሴልሰስ ከወይን የተነጠረውን መንፈስ የወይን አልኮል አለ፤ ቆይቶ ወይኑ ወደቀና አልኮል ብቻውን ቀረ። ወደ እኛ ሲመለስ ማንም አላወቀውም። ሙሽራዋ የተኳለችው ኩልና በሠርጓ የሚቀዳው አልኮል አንድ ቃል ናቸው። «ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ» ብለን ስንጽፍ ደግሞ ሁለት የአረብኛ ቃላት፣ ኩልና ላብ፣ በአንድ ስም ጎን ለጎን ቆመዋል።

አረቄ አንዴ ሲወጣ ተራ፣ ተመልሶ ሲወጣ ዳግም ይባላል። ደገመ በግዕዝም በአማርኛም መልሶ አደረገ፣ መልሶ አለ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ፣ ዳግም ትንሣኤ፣ ዳዊት መድገም፤ ከጸሎቱ አጠገብ ድግምትም አለ፣ ተደጋግሞ የሚባለው። ዳግም አረቄ ከመቶ 45 ገደማ አልኮል ይይዛል። ይህን ማወቅ ለመራጩ ይረዳል፦ ብዙው ውስኪ 40 ነው፣ ስለዚህ ከዳግም አረቄ አይብስም፣ ከጠላና ከጠጅ ግን እጅግ ይብሳል። ከስኮትላንዱ የብቅል ውስኪ አብዛኛው ሁለት ጊዜ የወጣ ነው፣ ዳግም መሆኑ ነው። በ1780 እ.ኤ.አ. በደብሊን የተጀመረው ጄምሰን ሦስት ጊዜ ይወጣል፤ በግዕዝ ቁጥር ሣልስ ልንለው እንችላለን። በተደጋገመ ቁጥር ሻካራው እየቀረ ይቀላል፤ ለቀማሽ አንዱ ምልክት ይህ ነው።

ጠርሙሱ ላይ «ሞልት» የሚል ካያችሁ ብቅል ማለት ነው። ይህ ቃል የማንም ውሰት አይደለም። ግዕዝ በቈለ ይላል፤ ቈ ከንፈሯን ጥላ በአማርኛ በቀለ ሆነች። ብቅል፣ ቡቃያ፣ በቀለ የሚለው የሰው ስም፣ ሁሉም ከዚሁ ናቸው። በቀልና ተበቀለ የሌላ ሥር ናቸው፤ እዚህ አይገቡም። አረብኛም ይህን ሥር ያውቀዋል፦ በቅል የበቀለ ለምለም ነገር ነው፣ ባቂላ የእኛ ባቄላ ነው። አትክልት ሻጩም በቃል ተባለ፤ ዛሬ በቃል በብዙ የአረብ ከተማ የሰፈር ባለ ሱቅ ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ኪልማርኖክ ከተማ ሱቅ የከፈተው ጆን ዎከር፣ የጆኒ ዎከር ውስኪ አባት፣ እንዲህ ያለ ባለ ሱቅ ነበር። የሺቫስ ወንድማማቾችም በአበርዲን እንዲሁ። የሱቁን የተለያየ ውስኪ እየቀላቀሉ፣ ጣዕሙ ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ መጠጥ ሠሩ። አረብ ቢያያቸው በቃል ባላቸው ነበር፤ ብቅሉን የሚሸጠው በቃል፣ ሁለቱም ከአንድ ቡቃያ።

እህሉም ስሙን ይናገራል። የስኮትላንዱ ብቅል ገብስ ነው፤ ግዕዝ ሰገም፣ ትግርኛ ስገም የሚሉት። የአሜሪካው ቡርቦን በሕግ ቢያንስ ከመቶ 51 በቆሎ መሆን አለበት፤ በቆሎ ከውጭ መጥቶ ማሽላ ለሚያውቅ ሰው ሲደርስ የባሕር ማሽላ ተብሏል። በአሶሳ ዙሪያ፣ ማሽላ ዋና እህል በሆነበት አገር፣ ይህ የድሮ ስም ወዲያው ይገባል። ቡርቦን ጣፋጭነቱ ከበቆሎውና ከተለበለበው አዲስ የኦክ በርሜል ነው፤ ማርና ጠጅ የለመደ አፍ ቶሎ ይቀበለዋል።

«ሲንግል ሞልት» የሚለው ግን ያሳስታል። በእኛ መጠጥ ቤት ሲንግል አንድ መለኪያ ነው፣ ደብል ሁለት። ጠርሙሱ ላይ ያለው ሲንግል የመለኪያም የበርሜልም ቁጥር አይደለም፤ ብቅሉ ከአንድ ማውጫ ቤት ብቻ የወጣ መሆኑን ይናገራል። አማርኛ ነጠላ ቢለው ይመቸዋል፤ ነጠለ ለየ ነውና። ነጠላ የምንለብሰውም ካልተደረበው አንዱ ነው። ለቀማሽ ነጠላው ከተቀላቀለው የግድ አይበልጥም። ቅልቅሉ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይለዝባል፤ ነጠላው የወጣበትን ሸለቆ ጠባይ ይዞ ይመጣል።

ሸለቆ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹ የመሬት ስም ናቸው። ግሌን በስኮትላንድ ደገኞች ቋንቋ ሸለቆ ነው፤ ግሌንፊዲክ የአጋዘን ሸለቆ፣ ግሌንሊቬት የሊቬት ወንዝ ሸለቆ። ላጋቩሊን የወፍጮ ጎድጓዳ ነው። የቤንሻንጉል ሰው ይህን አጠራር ያውቀዋል። አገሩ መጀመሪያ ቤላ ሻንጉል ነበር፤ ቤላ በበርታኛ ድንጋይ ነው፣ ሻንጉልም ይከበር የነበረው ድንጋይ። አረብኛ የለመደ ጆሮ ቤላን ሲሰማ ቤኒ አደረገው፣ የልጆች ወገን፣ የእገሌ ዘር እንደሚባለው። ድንጋዩ በስሙ ውስጥ ሰው ሆነ። ጆሮ የማያውቀውን ቃል ወደሚያውቀው መመለሱ በየቋንቋው ያለ ልማድ ነው፤ ቤላ ቤኒ የሆነውም እንዲሁ ነው።

ላጋቩሊንን ካነሳን ጭስ አይቀርም። ያ ሕግ እዚህ ይመለሳል፦ ግዕዝ ጢስ፣ አማርኛ ጭስ፤ ጥ በኢ ፊት ጭ ሆነ፣ ልክ እንደ ጠጪ። አሮጌው ቅርጽ ግን በጢስ ዓባይ ላይ ተተክሎ ቀርቷል፣ ያው ዓባይ ወርዶ ጉባ ላይ ከሕዳሴ ግድብ የሚደርሰው። በስኮትላንዷ አይላ ደሴት ብቅሉን የሚያደርቁት ከረግረግ ተቆርጦ በደረቀ፣ ሣርና ሥር በበሰበሰበት አፈር ጭስ ነው፤ ላጋቩሊንና ላፍሮይግ ያን ሽታ እስከ ጠርሙሱ ይይዛሉ። ጭስ ያለው መጠጥ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የጠላ እንስራ በወይራ ይታጠናል። ዐጠነ ዕጣንን የሰጠን ግሥ ነው። የአይላው ግን ወይራ አይሸትም፣ መድኃኒትና ባሕር ይሸታል። ቀማሽ ከዚህ አይጀምር።

በርሜል ከስፓኝ ባሪል ተነሥቶ በአረብኛው ብርሚል በኩል የዞረ ቃል ነው፤ ም መንገዱን ትመሰክራለች። የስኮትላንድ ውስኪ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ካልተኛ ውስኪ ለመባል አይበቃም። ጠርሙሱ ላይ 12 ከተጻፈ፣ ከተቀላቀለው ሁሉ የትንሹ ዕድሜ 12 ነው ማለት ነው፤ የጆኒ ዎከር ብላክ ሌብል 12 ይጽፋል፣ ሬድ ሌብል ዕድሜ አይጽፍም። በርሜሉ ቀድሞ ሼሪ የሚባለውን የወይን ጠጅ የያዘ ከሆነ የዘቢብና የቴምር ዓይነት ጣዕም ያወርሳል። ሼሪም የከተማ ስም ነው፤ ዛሬ ሄሬዝ የሚባለውን የስፓኝ ከተማ አረቦች ሸሪሽ ይሉት ነበር፣ የከተማው ስም በእንግሊዞች አፍ ሼሪ ሆነ።

ባለ ሱቁን «ለስላሳ ውስኪ አለ?» ብትሉት ግር ሊለው ይችላል። ለስላሳ ከለሰለሰ የወጣ ቅጽል ሆኖ ሳለ ስም ሆኗል፤ ጋዝ ያለበት የጠርሙስ መጠጥ። ስለዚህ በዝርዝር ተናገሩ፦ ጭስ የሌለው፣ 40 የሆነ፣ ሦስት ጊዜ የወጣ ወይም በሼሪ ወይም በቡርቦን በርሜል የተኛ። ጄምሰን ለመጀመሪያ ጊዜ ይመቻል። ነጠላ ለሚሻ ሰው የ12 ዓመቱ ግሌንሊቬት ወይም ግሌንፊዲክ የሚከብድ አይደለም። ብላክ ሌብል ጥቂት ጭስ አለበት፤ በወይራ የታጠነ ጠላ ለሚወድ ሰው ያ ጥቂት ጭስ ጥሩ ነው። ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን እዩ።

ሲቀዳም ስም አለው። የጠጅ ብርሌ ከግዕዙ ቢረሌ ነው፣ ከግሪኩ ቤሪሎስ፣ የከበረ ጠራ ድንጋይ፤ ጀርመኖች መነጽርን ብሪለ ያሉት ከዚሁ ድንጋይ ነው። ለአረቄና ለውስኪ ግን መለኪያ ይበቃል። ለካ ላይ መ እና ኢያ ተጨምሮ የመሣሪያ ስም ተሠራ፤ ከዚሁ ቤት ልክና ልከኛም አሉ። መለኪያውን ለቀማሹ ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ ስጡት። ውሃ መዓዛውን ይከፍታል፣ እሳቱን ያበርዳል። ይህን የሚያደርገው ግሥ በረዘ ነው። በገበያ «የተበረዘ» ስድብ ነው፤ በቤት ግን ብርዝ ክብር ነው፣ ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ የሚቀርበው።

«ምርጥ ውስኪ» ስንል ምርጥ የተመረጠ ማለት ነው። ግዕዝ ኀረየ፣ ኅሩይ ይላል፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ስም ከዚህ ነው። ምርጥነት ያለ መራጭ የለም፣ መራጩም ለማን እንደሚመርጥ ሳያውቅ አልመረጠም። የሄዳችሁበት ቤት አዛውንት አሶሳ ውስጥ የማይጠጡ ሼህ ከሆኑ 18 ዓመት የተኛ ነጠላ ብቅል ምርጥ አይደለም፤ የአገሩን ማር ይዛችሁ ሂዱ። ቀማሽ ከሆኑ ከላይ የተባለውን ጠርሙስ ያዙ። ሁለቱም በአንድ ማዕድ ከተገናኙ ለአንዱ ማሩን፣ ለሌላው ውስኪውን በርዙላቸው፤ ግሡ ለሁለቱም ይሠራል።